«የለብህም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ማስተማር በጀመርኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፈተና አወጣሁ። ጥያቄዎቹ ስድስት ነበሩ። አምስቱን ማንኛውም ተማሪ ሊሠራቸው የሚገባ ሲሆን ስድስተኛው ትርፍ ነው፤ ለሠራ 5 ነጥብ ይጨመርለታል፣ ላልሠራም ምንም አይጎድልበትም። ይህንኑ ለማስገንዘብ ስል በጥቁር ሰሌዳው ራስጌ ላይ «ዩ ማስት ኖት አንሰር ክዌስችን ሲክስ» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። በልቤ የያዝኩት «ስድስተኛውን የግድ መሥራት የለባችሁም» የሚለውን ነበር።

ወረቀቱን ሳርም ክፍሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ስድስተኛውን ሠርቶታል። ባዶ የተወችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም በእንግሊዝኛ ከሁሉም የምትልቀው። በዚያች 5 ነጥብ ምክንያት ከአንደኛነት ወደ ሦስተኛነት ወረደች። ወረቀት ስመልስ ከጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመችና፣ «ቲቸር፣ ስድስተኛውን አትሥሩ ብለው ጽፈው አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። እኔም «አልገባሽም፤ ሂጂ ተቀመጪ» አልኳት። ያልገባኝ ግን እኔ ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ያነበበችው እሷ ብቻ ናት፤ የቀሩት ልጆች ያነበቡት በእኔ ልብ ውስጥ ያለውን አማርኛ ነው። ይህ የተገለጠልኝ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ሳገላብጥ ነበር። ውጤቷን አስተካከልኩ። በክፍሉ ፊት ቆሜ «ስህተቱ የእኔ ነው» ሳልል ግን ዓመቱ አለቀ።

ውድ ሠልጣኞች፣ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ይኸው ነገር በእናንተም ላይ መድረሱ ስለማይቀር አስቀድመን ብንነጋገርበት ይሻላል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት። የእንግሊዝኛውን አባባል እዚህ የማሰፍረው በራሳችን ፊደል ነው። ከግድግዳው ፊት ቆማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ብታነቡት ጆሯችሁ ይለየዋል።

እንግዲህ ከአዎንታው እንጀምር። «መምጣት አለብህ» ለማለት እንግሊዝኛ ሁለት መንገድ አለው፤ «ዩ ማስት ካም» እና «ዩ ሃቭ ቱ ካም»። ልዩነታቸው ስስ ነው። በአብዛኛው «ማስት» የሚባለው ግዴታው ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ ነው፤ «ሃቭ ቱ» ደግሞ ግዴታው ከውጭ፣ ከደንብ ወይም ከሁኔታ ሲመጣ። ሐኪሙ በሽተኛውን «ዩ ማስት ስቶፕ ስሞኪንግ» ይለዋል። በሽተኛው እቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ሲነግራት «አይ ሃቭ ቱ ስቶፕ ስሞኪንግ» ይላል፤ ትእዛዙ የራሱ ሳይሆን የሐኪሙ ነውና። ይህን ለይቶ ያልተናገረ ሰው ግን የሚጎዳው ነገር የለም። አሜሪካውያን በዕለት ንግግራቸው ለግዴታ የሚያዘወትሩት «ሃቭ ቱ»ን ነው። በዚህ ምክንያት የልጅ ነጥብ የሚቀንስ መምህር ቢኖር እኔ አልስማማበትም።

ጉዱ ያለው አሉታው ላይ ነው። በአዎንታ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለቱ አባባሎች አሉታ ሲገባባቸው ፊትና ኋላ ይሆናሉ። «ዩ ማስት ኖት ካም» ማለት «እንዳትመጣ! ክልክል ነው» ማለት ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም» ደግሞ «ባትመጣም ይሆናል፤ ከፈለግህ ና» ማለት ነው። አንደኛው በሩን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ክፍት ይተወዋል።

ታዲያ የእኛ አማርኛ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸከማቸዋል። እስቲ እነዚህን አስተያዩአቸው። አንዲት እናት ልጇን ከወንዙ ዳር ስታባርረው «እዚህ ብቻህን መምጣት የለብህም!» ትለዋለች። ጎረቤትህ ደግሞ ሥራ ሲያግዝህ ውሎ፣ የቀረውን ብቻህን እንደምትጨርሰው ስታውቅ «ነገ እንኳ መምጣት የለብህም፤ ትንሽ ነው የቀረው» ትለዋለህ። ቃሉ አንድ ነው። የመጀመሪያው ክልከላ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እረፍት መስጠት ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሁኔታው፣ ከድምፁና ከተናጋሪው ፊት ስለምንለየው ችግሩ ኖሮም አይታወቀንም። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን ድምፁም ፊቱም ይቀርና ቃሉ ብቻውን ይሻገራል። ልጁ «የለብህም»ን ይዞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው «ማስት»ን ነው፤ «ኖት» ይጨምርበትና ጨረስኩ ይላል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ጀርመኖችም «ሙሰን» የሚል ለ«ማስት» የሚቀርብ ግሥ አላቸው፤ «ኒሽት» የሚለውን አሉታ ሲጨምሩበት «ግዴታ የለብህም» ማለት ይሆናል እንጂ ክልከላ አይሆንም። ስለዚህ ጀርመናዊው ተማሪም እንግሊዝኛ ሲማር በዚችው ጉድጓድ ይወድቃል። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ስናስብ፣ የእኛ ልጆች ቢሳሳቱ ሊደንቀን አይገባም።

መለያው ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ባደርገውስ ጥፋት ነው?» ልጁ «የለብህም» የሚል አረፍተ ነገር ሲያጋጥመው ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሱ በፊት ይህን ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ «አዎ ጥፋት ነው» ከሆነ «ማስት ኖት»። «ኧረ ምንም አይደለም» ከሆነ «ዶንት ሃቭ ቱ»። ሌላው መንገድ «የግድ» የምትለዋን ቃል ማስገባት ነው። «የግድ መምጣት የለብህም» ብንል አማርኛው ራሱ ይጠራል፤ ክልከላነቱ ይቀርና የግዴታ አለመኖር ብቻ ይሆናል። ለእናቲቱ አረፍተ ነገር ግን «የግድ» አይገባም። «ወንዝ ዳር ብቻህን የግድ መምጣት የለብህም» የምትል እናት አላየሁም።

«የለብህም»ን ትተን «አያስፈልግም» ብንልስ ይሻላል የሚል ይኖራል። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ገብታችሁ አድምጡ። መምህሩ ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ መታ ያደርግና «ማውራት አያስፈልግም!» ይላል። ይህ ፈቃድ ነው? አይደለም፤ ለልጆቹ የለየለት ክልከላ ነው። ይህንኑ ቃል በቃል ወስዶ «ዩ ዶንት ኒድ ቱ ቶክ» የሚል ጀማሪ መምህር ግን በእንግሊዝኛ የተናገረው «ካልፈለጋችሁ አታውሩ፣ ከፈለጋችሁ ግን አውሩ» የሚል ያህል ነው። ክፍሉ ዝም የሚለው ዘንጉን አይቶ እንጂ እንግሊዝኛውን ሰምቶ አይደለም።

ነገሩ ከፈተና ነጥብም ያልፋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። እኛ በታችኛው ክፍል ያበላሸነውን ልጁ ይዞት ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል ማለት ነው። የኬሚስትሪው መጽሐፍ በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ውሃ መጨመር እንደማይገባ ሲናገር «ማስት ኖት» ይላል። አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ በሚፈጠረው ኃይለኛ ሙቀት ፈልቶ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ልጁ «መጨመር የለበትም» ብሎ በሆዱ ተርጉሞ፣ «እንግዲያው ባይጨመርም ይሆናል፣ ቢጨመርም ግድ የለም» ብሎ ቢረዳውስ? ቴትራሳይክሊን የታዘዘላት እናትም ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን ወረቀት የምታስነብበው ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጇን ነው። ከወተት ጋር አይወሰድ የሚለው መመሪያ ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ልጁ «በወተት የግድ አይደለም» ብሎ ካነበበላት፣ በወተት ልትወስደው ነው።

አሁን ወደ ኀላፊው ጊዜ እንሻገር፤ እዚያም «አለብኝ» አይለቀንም። አንድ ተማሪ ቀርቶ ሲመለስ «ትናንት ክሊኒክ መሄድ ነበረብኝ» ይላችኋል። ሄዷል ወይስ አልሄደም? አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል። ግድ ሆኖበት ሄዶ ይሆናል፤ መሄድ ሲገባው ሳይሄድ ቀርቶም እየተቆጨ ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ቁርጡን ይጠይቃል። ሄዶ ከሆነ «አይ ሃድ ቱ ጎ»፤ ሳይሄድ ቀርቶ ከሆነ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን»። የመጀመሪያው ምክንያት ነው፣ ሁለተኛው ጸጸት። ከአንዱ አረፍተ ነገር ወደ ሌላው የተሳሳተ ልጅ በእንግሊዝኛ በጻፈው የይቅርታ ደብዳቤ ላይ ክሊኒክ አልሄድኩም ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው።

«አይ ማስት ጎ የስተርዴይ» የሚሉም ብዙ ናቸው። «ማስት» ለትናንት ግዴታ የሚሆን የኀላፊ መልክ የለውም፤ ለዚህ ነው «ሃድ ቱ» የሚተካው። ታሪኩ ደስ ይላል፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ማስት» ራሱ የሌላ ግሥ ኀላፊ ጊዜ ነበር፤ ያም ግሥ የግዴታ ሳይሆን «ተፈቀደለት» የሚል ትርጉም ነበረው። በዘመናት ውስጥ ከፈቃድ ወደ ግዴታ ዞረ፣ ከኀላፊም ወደ አሁን መጣ። ኀላፊ የነበረ ቃል ሌላ ኀላፊ ከየት ያምጣ?

እስካሁን የተናገርኩት አማርኛችን ስለሚያሳስትበት ቦታ ነው። ይህን ብቻ ብናገር ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። አማርኛ ከእንግሊዝኛው ባልተናነሰ አጥርቶ የሚለይበት፣ እኛ ግን ሳንጠቀምበት የምንቀርበት ቦታም አለና። «ፎርጌት» እና «ሪሜምበር» የሚሉትን ግሦች ውሰዱ። «አይ ፎርጎት ቱ ክሎዝ ዘ ዶር» እና «አይ ፎርጎት ክሎዚንግ ዘ ዶር» የተለያዩ ናቸው ስንል ሠልጣኞች ጭንቅ ይይዛቸዋል። ሰሌዳው በ«ቱ» እና በ«ኢንግ» ሕግ ይሞላል፣ ደብተሩም እንዲሁ፤ የገባው ግን የለም። በአማርኛ እንበለው፤ «በሩን መዝጋት ረሳሁ»፣ «በሩን መዝጋቴን ረሳሁ»። አለቀ! በመጀመሪያው በሩ ክፍት ነው። በሁለተኛው በሩ ተዘግቷል፣ የጠፋው ትዝታው ነው። «መዝጋት» በባዶው ሲቀር ገና ያልተደረገ ሥራ ነው፤ «መዝጋቴን» ብሎ ባለቤት ሲያገኝ የተደረገ ሥራ ይሆናል። አምስተኛ ክፍል ያለ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይህን ልዩነት ከእናቱ ተምሮት ነው የመጣው። የእኛ ሥራ «መዝጋት» ሲሆን «ቱ»፣ «መዝጋቴን» ሲሆን «ኢንግ» ብሎ ማያያዝ ብቻ ነው። በ«ሪሜምበር»ም እንደዚሁ ነው፤ «ሪሜምበር ቱ ፖስት ዘ ሌተር» ማለት «ደብዳቤውን መላክ እንዳትረሳ» ሲሆን፣ «አይ ሪሜምበር ፖስቲንግ ዘ ሌተር» ደግሞ «ደብዳቤውን መላኬን አስታውሳለሁ» ነው።

«ስቶፕ»ም ከዚህ ወገን ነው። ጸጥታ የፈለገ መምህር «ስቶፕ ቱ ቶክ!» ሲል ስንት ጊዜ ሰማሁ። ያዘዘው «ለማውራት ቁሙ» ነው እኮ! አማርኛው «ሊያወራ ቆመ» እና «ማውራት አቆመ» ብሎ በአንዲት «አ» ለይቶታል። «ቆመ» ከሆነ «ቱ»፣ «አቆመ» ከሆነ «ኢንግ»። ስለዚህ «ስቶፕ ቶኪንግ!» ይባላል። በ«ትራይ» ላይ ደግሞ «ሊከፍት ሞከረ» እና «ከፍቶ ሞከረ» አሉን። በሩ ዝጎ እምቢ ሲለው «ሂ ትራይድ ቱ ኦፕን ዘ ዶር»፤ ታግሏል፣ መከፈቱ ግን አልተነገረንም። ክፍሉ ሲሞቅ ግን «ትራይ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው» እንላለን፤ «እስቲ መስኮቱን ከፍተህ እየው» ማለት ነው። መክፈቱ ቀላል ነው፤ የሚሞከረው ይበርድ እንደሆነ ነው።

«ዩዝድ ቱ»ን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ትርጉሙ ላይ ሳይሆን ቅርጹ ላይ ነው ልጆች የሚሳሳቱት። «አይ ዩዝድ ቱ ወክ» ማለት «በእግሬ እሄድ ነበር» ነው፤ አሁን ቀርቷል። «አይ አም ዩዝድ ቱ ወኪንግ» ማለት «በእግር መሄድ ለምጃለሁ» ነው። «ነበር» እና «ለምጃለሁ» ለማንም አይምታቱም፤ በአማርኛ አስለዩና ወደ ቅርጹ እለፉ። «ጎን» እና «ቢን» ግን እንደገና የአማርኛችን ወጥመድ ነው። ከፊታችሁ የቆመ ልጅ «ሐረር ሄጃለሁ» ይላችኋል፣ ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ሐረር» ቢል ግን ሐረር ሆኖ መናገሩ ነው፤ ከፊታችሁ ቆሞ! «ሐረር ሄጄ አውቃለሁ» አሰኙት፣ ያኔ «አይ ሃቭ ቢን ቱ ሐረር» ራሱ ይመጣል።

እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ብቻ አስተምሩ የሚለውን ምክር በዚህ ግቢ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔም በአብዛኛው እቀበለዋለሁ። «መጽሐፋችሁን ግለጡ» ለማለት አማርኛ መዋስ ስንፍና ነው። ነገር ግን ልጁ በሆዱ በአማርኛ ማሰቡን መከልከል አንችልም፤ መምህሩ ዝም ቢል ልጁ ብቻውን ይተረጉማል፣ ብቻውንም ይሳሳታል። እንዲህ ባለው ቦታ ሁለት ደቂቃ አማርኛ መናገር ሃያ ደቂቃ ሕግ ከማስገልበጥ ይበልጣል ባይ ነኝ። አፍ መፍቻቸው ሌላ የሆኑ ልጆች ያሉበት ክፍል ከደረሳችሁ ደግሞ የእኔን የአማርኛ ምሳሌ አትጫኑባቸው። «ባደርገውስ ጥፋት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሰጥታችሁ በቤታቸው ቋንቋ ሁለቱ እንዴት እንደሚባሉ እነሱኑ ጠይቁ።

መጽሐፍ ለምትሹ፣ የሆርንቢ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ ይረዳል። ሆርንቢ በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነበር፤ መዝገበ ቃላቱም መጀመሪያ እዚያው በ1942 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሞ፣ በ1948 በኦክስፎርድ ወጣ። ባዕድ ተማሪ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ከክፍል ያወቀ በመሆኑ፣ አንድ ግሥ ምን እንደሚያስከትል፣ «ቱ» ይሁን «ኢንግ»፣ ከትርጉሙ ጋር አብሮ ያመለክታል። ትርጉሙን ብቻ አንብባችሁ መጽሐፉን አትክደኑ፤ ምሳሌዎቹን እዩ።

ለመሞከሪያ ሦስት የአማርኛ አረፍተ ነገሮች ልተውላችሁ። «ወላጆች ነገ መምጣት የለባቸውም።» «ትናንት ስብሰባው ላይ መገኘት ነበረብኝ።» «ዳይሬክተሩ አዲስ አበባ ሄደዋል።» እያንዳንዳቸው ሁለት የእንግሊዝኛ መልስ አላቸው። ሁለቱንም ጻፉ፤ ከሥሩም የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተናጋሪውን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት አክሉበት።